በፎቶግራፉ ላይ ያለችው መኪና የማን ጊዜ ናት?



«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። የዕድር ሥራው ድንኳን መትከል፣ ንፍሮ ማቅረብና አስከሬን ማጀብ ብቻ አይደለም፤ የሟችን ስም መጠበቅም ድርሻው ነው እንላለን። በዚህ ዓመት የምንጽፈውም ስለ አንዲት አሮጌ መኪናና ስለ አንድ ሰው ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች አንዱ ጨንቻ ላይ የተነሣ ነው። ካፖርት የለበሱ አንድ ጎልማሳ አንዲት ክፍት መኪና ተደግፈው ቆመዋል። ከሥሩ የተለጠፈችው ወረቀት «ጨንቻ፣ የጣሊያን መኪና፣ 1930 ዓ.ም.» ትላለች። እኚህ ሰው የቀድሞ አባላችን ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። ታዲያ ወረቀቷን ያነበበ ሁሉ «ከጣሊያን መኪና አጠገብ ምን ያደርጉ ነበር?» ማለቱ አልቀረም። ወሬ እኮ እግር አለው። «የጣሊያን ሹፌር ነበሩ» ተባለ፣ ቀጥሎም «ባንዳ ነበሩ» ተባለ። ይህ ቃል በአገራችን ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አይነገርም። የልጅ ልጆቻቸው ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሊሰሙት የሚገባ ቃል አይደለም።

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። የፋይሉ ሽፋን የሚለውና ውስጡ ያለው ደብዳቤ የሚለው ሲለያይ፣ የሚታመነው ውስጡ ነው። ስለዚህ ወረቀቷን ትተን መኪናዋን ራሷን እንይ።

ጣሊያን አገራችንን ይዞ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ይዟቸው ከመጣው መኪናዎች ብዙዎቹ የፊያትና የላንቺያ ሥራዎች ነበሩ። ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ያለው የጭነት መኪና የፊያት 634 ነው፤ ትሬንታ ኳትሮ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ከትንንሾቹ ደግሞ ባሊላ የምትባለው ነበረች። የባሊላ ፓራፋንጎ ከአካሏ ወጣ ብሎ ጎማው ላይ እንደ ቅስት የታጠፈ ነው፤ የፊት መብራቶቿም ለየብቻ ወጥተው የቆሙ ናቸው።

በእኛ ፎቶግራፍ ላይ ያለችው እንዲህ አይደለችም። ፓራፋንጎዋ ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ሣጥን ማዕዘን አለው። ጎኗ ከላይ እስከ ታች እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ከራዲያተሯ ፊት የሽቦ ወንፊት አለ፤ ሁለቱ መብራቶች በወንፊቱ ቀዳዳ ብቅ ብለው ተቀራርበው ይታያሉ። ትርፍ ጎማዋ ኮፈኗ ላይ ተጭኗል። ይህች መኪና ላንድሮቨር ናት።

«ጂፕ ብትሆንስ?» የሚል አይጠፋም። የአሜሪካኑ የጦር ጂፕ ፊቱ የሽቦ ወንፊት ሳይሆን ቁም ለቁም የተሰነጠቀ ላሜራ ነው። ጂፕም ብትሆን ኖሮ የጣሊያን አትሆንም ነበር።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ላይ ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1948 መሆኑ ነው። የሠራት የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለ ነበረ አካሏን ከአሉሚኒየም ሠራው፤ ጠፍጣፋ የሆነችውም ላሜራውን በቀላሉ ለማጠፍ እንዲመች ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ መብራቶቹ ከወንፊቱ ኋላ ተሸፍነው ነበር፤ ብቅ ብለው መታየት የጀመሩት ከ1943 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጎኗ ወጣ ብሎ መጠምዘዝ ጀመረ። እንግዲህ የእኛዋ በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የተሠራች ናት ማለት ነው። መኪና ሳይሠራ ፎቶግራፍ አይነሣም። ይህ ፎቶግራፍ ሲነሣ ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖታል።

ጨንቻ ላይ መታየቷም አያስደንቅም። ርእሰ ከተማው በ1950ዎቹ ወደ አርባ ምንጭ እስኪወርድ ድረስ የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበር። ለዚያ ዳገትና ጭቃ በአራቱም ጎማ የምትስብ መኪና ታስፈልግ ነበር።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? እንደሚመስለን ከአፋችን ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ማርሽ፣ ፓራፋንጎ፣ ሌላው ቀርቶ መኪና የሚለው ራሱ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያየ ሰው ሁሉ «የጣሊያን ነው» ማለት ይቀናዋል።

ስም እንዲህ የሚያሳስተው እኛን ብቻ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ያስገባው እንግሊዛዊ ቤድ ቤንትሌይ ይባላል። ይህን ሰምቶ «የምኒልክ መኪና ቤንትሌይ ነበረች» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። መኪናዋ ሲድሌይ ነበረች፤ ቤንትሌይ የሚባለው ኩባንያ በሌላ ሰው የተቋቋመው በ1911 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ ናኬ የምትባል መኪና ይዞ መጣ። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ሥር «የምኒልክ መኪና» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የትኛዋ?

አንድ ነገር ግን እንጨምር። መኪናዋ ሟቹ አርበኛ ነበሩ ብላ አትመሰክርም፤ መኪና ይህን አታውቅም። የምትለው አንድ ነገር ነው። በእኚህ ሰው ላይ የቀረበው ምስክር ያች ወረቀት ብቻ ነበረች፣ እሷም ሐሰት ተናግራለች። ምስክሩ ከወደቀ ክሱም ይወድቃል።

ስለዚህ የዕድሩ ኮሚቴ ወረቀቷን አንሥቶ «ጨንቻ፣ ላንድሮቨር መኪና፣ ከ1943 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ» የሚል እንዲለጥፍ እንጠይቃለን። እናንተም በየቤታችሁ ያለውን ፎቶግራፍ አውጡና እዩ። መኪናዎቹ በመንገዱ ግራ በኩል ሲሄዱ ከታዩ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. በፊት የተነሣ ነው፤ በቀኝ መንዳት የጀመርነው ያን ቀን ነውና። ከጀርባው በእርሳስ የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ፤ ዓመቱም የእኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩት። ይህንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ አድርጉት።