ገበያው ይወስን የተባለለት ሬዲዮ

እኛ ነጋዴዎች የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አናቆይም። የሬዲዮ ሞገድ ግን የሕዝብ ነው፤ ጣቢያውም የሚሠራው በፈቃድ ነው። ታዲያ የንግድ ሬዲዮ የሙዚቃውን ዓይነት እንዳሻው ይለውጥ? አሜሪካኖች በዚህ ለዓመታት ተሟግተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኒውዮርክ ውስጥ ክላሲካል ያሰማ የነበረው ደብሊው ኤን ሲ ኤን ወደ ሮክ ዞረ። አድማጮቹ ተደራጅተው ተሟገቱ፤ በ1975 ጣቢያው አዲስ ባለቤት አግኝቶ ወደ ክላሲካል ተመለሰ። በዋሽንግተን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም፣ ልዩ የሙዚቃ ዓይነት ሊጠፋ ሲልና ሕዝብ ሲቃወም የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንዲመረምር ያዝዝ ነበር። ኮሚሽኑ ግን በ1976 ነገሩን ለገበያው ተወው። በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ለሁለት ለኮሚሽኑ ፈረደ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል፣ ለየት ላለ ጉዳይ በር ሊተው ይገባ ነበር አሉ።

በ1993 መጨረሻ ጣቢያው ዳግም ወደ ሮክ ዞረ። ኒውዮርክ ሌላ ክላሲካል ጣቢያ ነበራት፤ ሌላ የሌለው ከተማስ? ከእኛ ሱቅ ዕቃ ያጣ ደንበኛ ድንበር ተሻግሮ ይገዛል። አድማጭ ግን ወዴት ይሻገራል?