የኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች

ቁስ፦ በጨርቅ ላይ የተሣሉና በተለሰነ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ሥዕሎች
ዘመን፦ ገዳሙ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፤ ሥዕሎቹ በአብዛኛው 18ኛውና 19ኛው
ቦታ፦ ዘጌ፣ ጣና ሐይቅ ዳርቻ

በቡና ደን ውስጥ ያለው ይህ ገዳም እንደ ትውፊቱ የተመሠረተው በአቡነ በትረ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሆኖ ከውጭ ወደ ውስጥ በቅኔ ማሕሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ይከፈላል። ታቦቱ የሚያርፍበት መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። ምእመናን ከቅድስት ቆመው የሚያዩት የዚህን መቅደስ ውጫዊ ግድግዳ በመሆኑ፣ ሥዕሉ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ታሪኩ በዓይን የሚነበበው እዚህ ነበር።

ከሥዕሎቹ መካከል ሰው በላ የነበረውን በላዔ ሰብእን ፈልገው ያግኙት። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው 78 ሰው በልቷል፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን የእመቤታችን ጥላ ውሃው ላይ አርፎ ሚዛኑን አጋደለው። ሥዕሉ ከገዳሙ ስም ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ ኪዳነ ምሕረት ለእመቤታችን የተሰጠው የምሕረት ቃል ኪዳን ናት፤ በዓሏም የካቲት 16 ቀን ይከበራል።

በተአምሩ ውስጥ ንጉሥም ጻድቅም ሳይሆን ከሁሉ የከፋው ሰው መመረጡ ልብ ይነካል።