ወደ ጉድጓዱ

ኮምቦልቻ ውስጥ ካለ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ሥራዬን ለቅቄ ሸማ እየሠራሁ ልሸጥ ማሰቤን ስነግራት እናቴ የያዘችውን እንዝርት አስቀመጠች። «አንተ ልጅ፣ አያትህ ትተውት የወጡትን ጉድጓድ ተመልሰህ ልትገባበት ነው?» አለችኝ። ሸማኔ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ከትቶ የሚሠራበትን ጉድጓድ ማለቷ ነው። የአያቴ ጉድጓድ ጓሯችን ውስጥ ነበር፤ አፈር ሞልቶት ሣር በቅሎበታል።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከአርጎባ ወገን ናቸው። አርጎባ በቃሉ ወረዳ፣ ወደ ከሚሴ ሲወረድም በነሾንኬና ተልሃ በኩል፣ በሸማና በንግድ የታወቀ ሕዝብ ነው። ለምን ሸማ ቢባል፣ ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በብዙ ቦታ ሙስሊም ርስት እንዳይዝ ተከልክሎ ኖሯል። የራሱ ማሳ የሌለው ሰው ወይ አህያ ጭኖ ይነግዳል፣ ወይ ድር ያደራል። እንጀራው ያው ሆኖ ሳለ በዚያው በእንጀራው ይሰደባል፤ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። እናቴ ግን ቃሉን ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በልጅነቷ፣ በጆሮዋ ሰምታዋለች። እኔ ፋብሪካ ስቀጠር እልል ያለችው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም።

ፋብሪካንና የእጅ ሥራን ባላጋራ አድርጎ የሚያያቸው ብዙ ነው፤ እኔ አልስማማም። ማጉን ሴት አያቴ ለአያቴ ከባዘቶ ትፈትልላቸው ነበር፤ ድሩን ግን ከሱቅ ነበር የሚገዙት። ከውጭ የመጣ የፋብሪካ ክር የአገራችን ሸማኔ እጅ ከገባ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ጠንካራ ስለሆነ ለድር ይመቻል። ሸማኔውን የጎዳውስ በጥቅል የመጣው ጨርቅ ነው። በመጀመሪያ የአሜሪካ አቡጀዲ፣ ኋላም የጃፓን ርካሽ ጨርቅ የድሃውን የዘወትር ልብስ ወሰደው። ለሸማኔው ጋቢው፣ ነጠላውና የክት ልብሱ ቀረለት።

አያቴ የሠሩትን ይዘው በየሰኞው ባቲ ይወርዱ ነበር። ደገኛው፣ ቆለኛው፣ አፋሩም የሚገናኝበት ገበያ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም ግን ገዢው ጠፋ። ዝናቡ ቀርቶ እርሻው ሲከሽፍ ገበሬው መጀመሪያ የተወው ልብስ መግዛትን ነው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ ስለዚያ ዘመን ወሎ ጽፏል፤ ከተራቡት መካከል ሸማኔዎችንና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎችን ይጠቅሳል። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር ይላል። እህሉ አለ፣ መግዣው የለም ማለት ነው። ይህን ሳነብ አያቴ በዓይኔ መጡ። ተሠርተው የተጣጠፉ ሦስት ጋቢዎች ቤት ውስጥ ተቀምጠው ልጆቻቸው ተርበዋል። አንዱን ጋቢ በጥቂት ቁና ማሽላ ለወጡት፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ አልገቡም። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ማሳ ያዙ፤ እስኪሞቱም አራሽ ነበሩ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የምጠግናቸው ማሽኖች ቆሙ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ ሽቦው የተበጠሰ፣ ሞተሩ የተነቀለ ነበር። ለወራት ተቀምጬ ጠበቅሁ። ቋሚ ሥራ ስለው የኖርኩት ነገር ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫና ሰላም ካልተሟሉለት የማይቆም መሆኑን ያኔ አየሁት። ሣሩን ነቅዬ አፈሩን አወጣሁ። መወርወሪያውን ቆጥ ላይ አገኘሁት፤ ሌላውን እንጨት አንድ የቃሉ ሽማግሌ እያሳዩኝ ራሴ ሠራሁት። ጥለቱ ቀጥ ብሎ እንዲወጣልኝ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

አሁን ኮምቦልቻ ሙቀቱ ላይ ተቀምጬ ለደሴ ብርድ እሠራለሁ። በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ወደ 2,500 ገደማ ያደርሳል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው መስኮት መዝጋት ሲጀምር ገበያዬ እንደደረሰ አውቃለሁ። ባለ አራት ድርብ ጋቢ ከሠርግ ወራት በፊትና ለዒድ ይሄድልኛል፤ በክረምት መካከል ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድም የማይሸጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጋቢ በተሸጠ ቁጥር ከገንዘቡ ላይ መጀመሪያ እህል እገዛለሁ፤ ክሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ኅዳር ከደሴ ሰኞ ገበያ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይዤ ገባሁ። እናቴ ጆንያውን ዳሰስ አደረገችና «ጤፉ ስንት ገባ?» አለችኝ። ጋቢው ስንት እንዳወጣ የጠየቀችኝ ማታ፣ የፈተለችውን ማግ ስትሰጠኝ ነው።