የረጅም ርቀት ሩጫ ስታቲስቲክስ

የረጅም ርቀት ሩጫ ስታቲስቲክስ የሯጮችን ሰዓት፣ የዙር ፍጥነት፣ ደረጃና የአሯሯጥ ልማድ በመመዝገብና በማነጻጸር ውድድርን ለመረዳት የሚያገለግል የስፖርት ጥናት ነው። የቅርጫት ኳስ ተንታኞች ተጫዋቹ ያስቆጠረውን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ከየት ቦታ መወርወር እንደሚያዘወትርም ይመዘግባሉ። በሩጫም እንዲሁ የመግቢያው ሰዓት ብቻውን ውድድሩ እንዴት እንደተሸነፈ አያሳይም። የኢትዮጵያ አትሌቶች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የዙር ሰዓት

የ10,000 ሜትር ውድድር በ400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 በብራስልስ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል 26:17.53 ገብቷል። ይህም በአማካይ በዙር 63.1 ሰከንድ ይሆናል። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲያሸንፍ ሰዓቱ 27:01.17፣ የዙር አማካዩም 64.8 ሰከንድ ነበር። የመጨረሻውን ዙር ግን የሮጠው በ53 ሰከንድ ገደማ ነው። ተፎካካሪዎቹን የረታው በዚህ ፍጥነት ሲሆን አማካዩ ግን አያሳየውም።

በማራቶን በብዛት የሚታየው የሁለቱ ግማሾች ልዩነት ነው። ትግስት አሰፋ በ2023 በበርሊን በ2:11:53 ክብረ ወሰን ስትሰብር የመጀመሪያውን ግማሽ በ66:20፣ ሁለተኛውን በ65:33 ሮጣለች። ሁለተኛው ግማሽ ከፈጠነ ሯጩ አቅሙን በሚገባ አከፋፍሏል ማለት ነው። በተቃራኒው ሁለተኛው በጣም ከዘገየ አነሳሱ ከአቅሙ በላይ እንደነበር ይገመታል።

የሯጭ ልማድ

ጥሩነሽ ዲባባ በሰኔ 2008 በኦስሎ 5,000 ሜትርን በ14:11.15 በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በቤጂንግ በዚሁ ርቀት የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ ሰዓቷ 15:41.40 ነበር። አንድ ሯጭ በአንድ ዓመት ውስጥ የ90 ሰከንድ ልዩነት ያሳየችው አቅሟ ስለቀነሰ አልነበረም። በኦሊምፒክ አሯሯጭ ስለሌለ ሯጮች ተጠባብቀው ይጓዛሉ፤ ጥሩነሽም በቡድኑ መካከል ቆይታ በመጨረሻ በመፈትለክ ትታወቅ ነበር። ስለዚህ ተንታኞች ሰዓቱን የሚያነቡት ከሯጩ ልማድ ጋር አያይዘው ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በአጨራረሱ ይታወቃል። በ2000 በሲድኒ 10,000 ሜትርን በ27:18.20 ሲያሸንፍ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27:18.29 ገብቷል። ልዩነታቸው የሰከንድ 9 መቶኛ ብቻ ነበር። ኃይሌ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የሚሮጠው በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር እንደሆነ ይነገራል።

የከፍታ ተጽዕኖ

ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። በዚህም ምክንያት የረጅም ርቀት ሰዓት ይዘገያል። በሸዋ ጃቶ በተባለች መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን በ2:12:11.2 አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ማሞ ወልዴ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ በ2:20:26.4 ወርቅ አገኘ። ሰዓቱ ከ8 ደቂቃ በላይ ቢዘገይም ማሞ ሁለተኛውን ሯጭ የቀደመው በ3 ደቂቃ ነበር።

የኢትዮጵያ ደጋ ከዚህም ይበልጣል። በሰሜን ሸዋ የምትገኘው የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በመንዝ የሚለማመድ ወጣት ሰዓቱን በርሊን ላይ ከተመዘገበ ሰዓት ጋር በቀጥታ ቢያነጻጽር አቅሙን ዝቅ አድርጎ ይገምታል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ በዚያው ቦታ የሚሮጡ ባልንጀሮቹ ሰዓት ወይም የራሱ የቀድሞ ሰዓት ነው።

ስታቲስቲክስና የቡድን ምርጫ

አንድ አገር በኦሊምፒክ ማራቶን በአንድ ጾታ ቢበዛ ሦስት ሯጮች ያሰልፋል። ኢትዮጵያ ብዙ ፈጣን ሯጮች ስላሏት ምርጫው ሁልጊዜ ያከራክራል። ለ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ በወንዶች ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማና ዴሬሳ ገለታ ሲመረጡ ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። የቀነኒሳ ምርጥ ሰዓት 2:01:41፣ የሲሳይ 2:01:48፣ የታምራት ደግሞ 2:03:39 ነበር። ሲሳይ በጉዳት ሲወጣ ታምራት ተተካ፤ ውድድሩንም በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ።

የፓሪስ ጎዳና 436 ሜትር ያህል ዳገት ነበረው። ታምራት ከዚያ በፊት በ2023 ድልድይና ዳገት በሚበዛበት በኒውዮርክ ማራቶን የቦታውን ክብረ ወሰን በ2:04:58 ሰብሮ ነበር። የፈጣን ሰዓቶች ዝርዝር ግን በአብዛኛው የሚሞላው እንደ በርሊንና ቫሌንሲያ ባሉ ሜዳማ ጎዳናዎች በተመዘገቡ ሰዓቶች ነው።

ገደቦች

የተለያየ ዘመን ሰዓቶችን ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ 2:15:16.2 ሲገባ፣ የዛሬ ሯጮች የካርቦን ሳህን ያለበት ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያደርጋሉ። አሯሯጭ መኖር አለመኖሩ፣ ነፋስና ሙቀትም ሰዓቱን ይለውጣሉ። በመሆኑም ሰዓት ብቻውን ሳይሆን ከቦታው፣ ከጫማውና ከውድድሩ ዓይነት ጋር አብሮ ይነበባል።