አሞሌ ጨው፦ የይፋግና የደሪጣ ነጋዴዎች ገንዘብ

አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ እየተፈለጠ የሚወጣ፣ ጫፍና ጫፉ ጠበብ፣ መሃሉ ወፈር ብሎ የሚጠረብ የጨው ጡብ ሲሆን፣ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከጠገራ ብር፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት ከተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ጠርዙ የተሸረፈ ወይም እርጥበት የበላው አሞሌ ዋጋው ስለሚወርድ፣ ነጋዴው እንዳይሰበር በልጥ ጠፍሮ፣ ከክረምት ዝናብም ጠብቆ ያጓጉዘው ነበር።

ከሐሙሲት በስተሰሜን፣ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ የምትገኘው ይፋግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ስትሆን፣ ጎረቤቷ ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎችና ሸማኔዎች መንደር ነበረች። ሲራራ ነጋዴው፣ ማለትም ጓዙን በአጋሰስ ጭኖ በቅፍለት የሚጓዘው የሩቅ አገር ነጋዴ፣ ጨውን ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ አውርዶ ከግቤ ማዶ የመጣውን ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይዞ ይመለስ ነበር፤ ከጨው ማውጫው በተራቀ ቁጥር በአንድ ብር የሚገዛው አሞሌ ስለሚያንስ፣ ትርፉ በእግር ጉዞ የሚለካ ነበር ማለት ይቻላል። በ1878 እ.ኤ.አ. ቦሩ ሜዳ ላይ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ከተወሰነ በኋላ ግን ብዙዎች የጎንደርን ምድር ለቀው ወደ መተማ ተሰደዱ።

የደሪጣ ነጋዴዎች ቅርስ በአብዛኛው በሚሟሟ ገንዘብ የተካሄደ ንግድ በመሆኑ፣ ከጎንደር ግንቦችና ከጣና ገዳማት ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ አያስገርምም፤ ተገቢ ግን አይደለም።