የነዳጅ ዘይትና የሥነ ጥበብ ቤት፦ በለንደን የተካሄደ የሰባት ዓመት ክርክር

የሥነ ጥበብ ቤቶች ያለ ባለጸጋ ድጋፍ የኖሩበት ዘመን እምብዛም አይገኝም። መስፍኑ ሠዓሊውን፣ ነጋዴው ቤተ መዘክሩን ይረዳል፤ በምላሹም ስሙ በበሩ ላይ ይጻፍለታል። ይሁን እንጂ ስሙ የተጻፈለት ሰው ከዚያ ጽሑፍ የሚያተርፈው ምንድን ነው? ቤቱስ ከገንዘቡ ጋር ምን አብሮ ይቀበላል? ጥያቄው በለንደን ከተማ በሚገኘው በቴት የሥነ ጥበብ ተቋም ላይ ከ2010 እስከ 2017 ድረስ እንዴት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ተፈጸመ በሚከተሉት አንቀጾች ባጭሩ እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የነገሩ ሥር ከትምባሆ ይጀምራል። በለንደን የብሔራዊ የቁም ሥዕል ቤት በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት ከ1980 እስከ 1989 ድረስ በአንድ የሲጋራ ኩባንያ ስም ይጠራ ነበር። በ1990 የሲጋራው ስም ተነሥቶ በምትኩ ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ የነዳጅ ዘይት ኩባንያ ስም ገባ። ቢፒ ቴትን መደገፍ የጀመረውም በዚሁ በ1990 ነው። ባለ ስሙ ተለወጠ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም።

በጃንዋሪ 2010 ቴት ሞደርን ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ሕዝባዊ እንቢታ የሚያስተምር ዐውደ ጥናት አዘጋጀ። ከዝግጅቱ አስቀድሞ ግን በቴትና በደጋፊዎቹ ላይ ያነጣጠረ ድርጊት እንዳይፈጸም የሚያሳስብ መልእክት ከቤቱ ለአስተማሪዎቹ ደረሳቸው። ስለ እንቢታ እንዲያስተምሩ የተጋበዙት ሰዎች መልእክቱን ለተሳታፊዎቹ አቀረቡላቸው። ክልከላው ተሳታፊዎቹን ይበልጥ አነሣሣቸው። ከነርሱም መካከል «ሊበሬት ቴት»፣ ማለትም «ቴትን ነጻ እናውጣ»፣ የተባለው ቡድን ተመሠረተ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2010፣ ቢፒ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ያሠራው በነበረው የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ፍንዳታ ደረሰ። 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም ለ87 ቀናት ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ቴት በበኩሉ በዚያው ዓመት በጁን ወር የቢፒን የሃያ ዓመት ድጋፍ የሚያስታውስ ግብዣ አደረገ። የተቋሙ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኒኮላስ ሴሮታ ወዳጅ ለጊዜው ችግር ስለ ገጠመው አይከዳም በሚል አስተያየት ድጋፉን ተከላከሉ። የባላደራው ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት ሎርድ ጆን ብራውንም እስከ 2007 ድረስ የቢፒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩ ሰው ናቸው። በግብዣው ምሽት የቡድኑ አባላት በመግቢያው ላይና በአዳራሹ ውስጥ ድፍድፍ ዘይት የሚመስል ሞላሰስ አፈሰሱ።

ከዚህ በኋላ የተከታተሉት ተቃውሞዎች ከተራ ሰላማዊ ሰልፍ የሚለዩበት ነገር አላቸው። በ2011 የፍንዳታው አንደኛ ዓመት መታሰቢያ ዕለት አንድ ሰው ራቁቱን በቴት ብሪተን ወለል ላይ ተኛ፤ ዘይት መሰል ጥቁር ፈሳሽም ፈሰሰበት፤ በዚያው ሁኔታ 87 ደቂቃ ቆየ። በጁላይ 2012 ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች 16.5 ሜትር ርዝመት ያለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ ተሸክመው በቴምዝ ወንዝ ድልድይ ላይ አልፈው ወደ ቴት ሞደርን ትልቁ አዳራሽ አስገቡ። ይህ ሕንጻ ቀድሞ በነዳጅ ዘይት የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ነበርና የቦታው ምርጫ ራሱ ንግግር ነበረው። ክንፉንም ስለ ቤተ መዘክሮች በ1992 በወጣው ሕግ መሠረት ለሕዝብ የተሰጠ ስጦታ ነው ብለው አቀረቡ። ቴት ስጦታውን ባይቀበለውም እንደ ማንኛውም ስጦታ ሊመረምረው ግድ ሆነበት። በጁን 2015 ደግሞ 75 ሰዎች ለ25 ሰዓት ያህል በዚያው አዳራሽ ወለል ላይ በከሰል ሲጽፉ ዋሉ፤ አደሩም። ተቃዋሚዎቹ የቤቱን መሣሪያ፣ ይኸውም ትርኢቱን፣ ስጦታውንና ሕጉን፣ በቤቱ ውስጥ ተጠቀሙበት። እንደዚህ ያለውን ሥራ ሲያሳይ የኖረ ተቋም «ይህ ጥበብ አይደለም» ብሎ ለማባረር ተቸገረ።

ትርኢቱ ብቻውን አልነበረም፤ የመዝገብም ሙግት ነበር። ቴት ከቢፒ ስንት እንደሚቀበል ለመግለጽ ፈቃደኛ ስላልሆነ ተቃዋሚዎቹ በመረጃ ነጻነት ሕግ ከሰሱት። ፍርዱ ወጥቶ በጃንዋሪ 2015 ሒሳቡ ሲገለጥ፣ ከ1990 እስከ 2006 ድረስ በየዓመቱ የተሰጠው ከ150,000 እስከ 330,000 ፓውንድ፣ በአማካይ 224,000 ፓውንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። ለእንዲህ ያለ ታላቅ ተቋም ይህ ጥቂት ገንዘብ ነው። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይሉ ነበር፤ ኩባንያው ግን በሰው ወርቅ በርካሽ ዋጋ ደምቆ ኖረ።

በማርች 2016 የቢፒ ድጋፍ በ2017 እንደሚያበቃ ተሰማ። ኩባንያው ምክንያቱ የንግዱ ሁኔታ መክበዱ እንጂ ተቃውሞው አይደለም አለ። በ2014 አጋማሽ ከመቶ ዶላር በላይ የነበረው የአንድ በርሜል ዘይት ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከሠላሳ ዶላር በታች ወርዶ ስለ ነበር ምክንያቱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ብዙ ወጪ ከሚቀነስበት ዝርዝር ውስጥ ይህ አነስተኛ ወጪ መግባቱ፣ ስሙ እንደ ቀድሞው ክብር ማስገኘቱን ትቶ ነቀፌታ ማምጣት መጀመሩን ያመለክታል።

ከቴት በኋላ በ2018 በአምስተርዳም የሚገኘው የቫን ጎግ ቤተ መዘክር ከሼል ጋር፣ በ2019 ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ፣ በ2022ም የብሔራዊ የቁም ሥዕል ቤት ከቢፒ ጋር የነበራቸው ውል አበቃ። የብሪታንያ ቤተ መዘክር ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በፌብሩዋሪ 2020 ተቃዋሚዎች በቢፒ ድጋፍ የቀረበውን የትሮይ ዐውደ ርእይ በመቃወም አራት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የትሮይ ፈረስ በግቢው አቁመው ነበር። ቤተ መዘክሩ ቢሆንም በዲሴምበር 2023 ከኩባንያው ጋር የ50 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የአሥር ዓመት ስምምነት ማድረጉን አስታወቀ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት በዚሁ ቤት ተቀምጠው ስለሚገኙ፣ ይህ ተቋም በማን ገንዘብና በማን ስም እንደሚቆም ማወቅ ለእኛም እንግዳ ጉዳይ አይደለም።

በሞያችን ላይ ላለን ሰዎች የዚህ ታሪክ ትምህርት ድጋፍ ሁሉ ይወገዝ የሚል አይደለም፤ ድጋፍ የማይፈልግ ተቋም የለምና። የቴትን ክብር ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ሒሳቡን መሸሸጉና የጋበዛቸውን ሰዎች አፍ ለመያዝ መሞከሩ ነው። እንግዲህ የድጋፍ ውል ሲቀርብልን ከገንዘቡ ልክ አስቀድመን ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ውሉን ለሕዝብ አንብበን ልናሰማ እንችላለን ወይ? ከፈረምንስ በኋላ በቤታችን ውስጥ እንዳይነገር የሚከለከል ነገር ይኖራል ወይ?