ግርሻው የመሰከረው፦ ዳፕሶንና የሥጋ ደዌ በአዲስ አበባ

ነፋስ ስልክ ላፍቶን ከሚያዋስነው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር፣ ቀደም ሲል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራ ሆስፒታል ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተመሠረተው በዚሁ ሥፍራ ነው።

በዚያ ዘመን የሕክምናው ዋነኛ መሠረት ዳፕሶን ብቻ ነበር። ርካሽ ነው፤ በአፍ ይወሰዳል፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልኩን መወሰድ ነበረበት። ነርቭ የሚጎዳውን የሰውነት ቁጣ ያስነሣል ተብሎ ስለተፈራም፣ መጠኑ ዝቅ ተደርጎ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር። ከሩቅ ገጠር በእግሩ ለሚመጣ ገበሬ ክኒኑን ሳያቋርጡ መውሰድ ምን ያህል እንደሚከብድ ለጤና ባለሙያ መንገር አያሻም። አነስተኛ መጠንና መቆራረጥ ሲገናኙ፣ ለመድኃኒቱ የማይበገረው ባክቴሪያ ተመርጦ ይቀራል።

ይህን በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ቀላል አልነበረም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በብልቃጥ አይበቅልም፤ በአይጥ ውስጥ እግር ተወግቶ ይራባል። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት ውጤቱ ወራት ያስጠብቃል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚናገረው የታማሚው ቆዳ ነበር። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ግርሻ ሁሉ መድኃኒት መላመድ አይደለም። ሕክምናውን አቋርጦ ያገረሸበት ሰው፣ በሰውነቱ አድፍጠው የቆዩት ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ ለዳፕሶን የሚሸነፉ ናቸው። ክኒኑን በትክክል እየዋጠ አዲስ እባጭ የሚያወጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ባክቴሪያው ዳፕሶንን መላመዱ በመጀመሪያ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1964 በማሌዥያ ነበር። በ1977 ፒርሰንና ኃይሌ ከእንግሊዛዊው ተመራማሪ ሪስ ጋር ከአዲስ አበባ ያቀረቡት ዘገባ ግን ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር፤ ዳፕሶንን ቀምሰው በማያውቁ ሕሙማን ላይ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ተገኘ። ችግሩ ከሕመምተኛ ወደ ጤነኛ ይተላለፍ ነበር ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 የጠራው የባለሙያዎች ቡድን ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በጥምር እንዲሰጡ መከረ። ኢትዮጵያም ጥምር ሕክምናውን በ1983 ጀመረች፤ ግርሻም እጅግ ብርቅ ሆነ። ዛሬ መላመድን ለመለየት አይጥ አያስፈልግም፤ የባክቴሪያው ዘረ መል ይነበባል። ናሙና የሚወሰደውም ካገረሸባቸው ሕሙማን፣ በከፊልም ከአዳዲሶቹ ነው።